ምዕራፍ አምስት፦ በሩ ሳይዘጋ የተሠራ ሥራ

የበረራ አስተናጋጅ ሥራ የምትጀምረው መቼ ነው? ተሳፋሪው ቢጠየቅ፣ በአውሮፕላኑ በር ላይ ቆማ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ስትለው እንደሆነ ይናገራል። እሷ ብትጠየቅ ሌሊት ከቤቷ የወጣችበትን ሰዓት ትጠራለች። የደመወዝ ክፍሉ ከሁለቱም የተለየ መልስ አለው። በብዙ አየር መንገዶች የሰዓት ክፍያ መቆጠር የሚጀምረው በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲነቃነቅ ነው፤ የሚያበቃውም መድረሻው ላይ ደርሶ ሲቆም። በመካከል ያለው «የበረራ ሰዓት» ይባላል። ከዚያ በፊት የተደረገው የሠራተኞች ገለጻ፣ የእሳት ማጥፊያና የኦክስጅን ፍተሻ፣ ሰው ማሳፈር፣ ሻንጣ መደርደር፣ ቦታ የተሳሳተውን ማስነሳት፣ ሕፃን የሚያለቅስባትን እናት ማረጋጋት፣ ሁሉም ከቆጣሪው ውጭ ነው። አውሮፕላኑ በሩ እንደተከፈተ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ እሷ ትሠራለች፣ ቆጣሪው አይንቀሳቀስም።

ስለ ርካሽ አየር መንገዶች ደመወዝ ስናወራ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው «በሰዓት ስንት?» የሚለው ላይ ነው። እኔ ግን አንባቢዬ ሁለት ሌሎች ጥያቄዎችን እንዲያስቀድም እለምናለሁ፦ የትኛው ሰዓት ነው ሥራ ተብሎ የሚቆጠረው? አሠሪ ተብሎ ውሉ ላይ የተጻፈውስ ማን ነው? ሁለቱ ካልተመለሱ በሰዓት የሚከፈለው ገንዘብ ብዙም ነገር አይነግረንም። ጥያቄዎቹን ይዤ የምነሳው ከቂርያት ጋት ነው። ብዙ ቤተ እስራኤል የሚኖሩባት ይህች የደቡብ ከተማ ከቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የውትድርና አገልግሎታቸውን ጨርሰው ሥራ ከሚፈልጉ ልጆቿ መካከልም አውሮፕላን ላይ መሥራትን የሚመኙ አሉ። ወላጆቻቸው ለሁለቱ ጥያቄዎች እንግዳ አይደሉም። የሚያውቋቸው ግን ከፋብሪካ፣ ከጽዳትና ከጥበቃ ሥራ ነው። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

አንድ የሥራ ቀን እናስላ። ስሌቱ የእኔ ነው፤ የአንድ ድርጅት የሥራ ሰሌዳ አይደለም፤ የሰዓቶቹ ልክ ግን ከእውነተኛው ቀን ብዙም አይርቅም። ልጅቷ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ከቂርያት ጋት በመኪና ትነሳለች፤ በዚያ ሰዓት በባቡር ልሂድ ብትል አይሆንላትም። መኪናዋን አቁማና ፍተሻ አልፋ በ10 ሰዓት ተኩል ማረፊያው ላይ ትመዘገባለች። በ11 ሰዓት ተኩል አውሮፕላኑ ወደ አቴንስ ይንቀሳቀሳል፣ ከጠዋቱ 1፡45 ይደርሳል። በ2፡35 ተነስቶ በ4፡50 ቤን ጉርዮን ይመለሳል። በ5፡40 ወደ ላርናካ ይነሳና በ6፡45 ይደርሳል፤ በ7፡30 ተነስቶ በ8፡35 ይመለሳል። ከቀኑ 9፡05 ላይ ወረቀቷን አስረክባ ትሰናበታለች፤ በ10 ሰዓት ተኩል ቤቷ ትገባለች።

አራቱን በረራዎች ብንደምር የበረራ ሰዓቱ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ከምዝገባ እስከ ስንብት 10 ሰዓት ከ35፤ ከቤት እስከ ቤት 13 ሰዓት ከሩብ። ለበረራ ሰዓት 50 ሸቀል ይከፈላታል እንበል። ከዝቅተኛው ደመወዝ በጣም የበለጠ ይመስላል፤ በሚያዝያ 2025 የጸናው የእስራኤል ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 6,247.67፣ በሰዓት 34.32 ሸቀል ነበርና። ግን ለዚያ ቀን የምታገኘው 333 ሸቀል ነው። በሥራ ላይ ለቆየችበት ለ10 ሰዓት ከ35 ሲካፈል 31 ተኩል አይሞላም። የመንገዱም ሰዓት ከታሰበ 25 ሸቀል ገደማ ይሆናል። ከዝቅተኛው ደመወዝ በላይ የነበረው ቁጥር ቆጣሪው ሙሉውን ቀን ሲቆጥር ከእሱ በታች ወረደ። ቋሚ ደመወዝ፣ አበል ወይም የሽያጭ ኮሚሽን ቢታከልበት ይሻሻላል፤ ሳይታከል ሲቀር የሚታየው ይኸው ነው።

የአከፋፈሉ ልማድ የቆየ ነው። የዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የበረራ አስተናጋጅ ተብላ የምትጠቀሰው አሜሪካዊቷ ነርስ ኤለን ቸርች በግንቦት 1930 ሥራ ስትጀምር የወር ደመወዟ ለ100 የበረራ ሰዓት 125 ዶላር ነበር። የአውሮፕላን ሥራ በበረራ ሰዓት መለካቱ የዘመኑ ልማድ ነበርና ሳይነካ ቆየ። በትልልቆቹ አየር መንገዶች ማኅበራት ተጠናክረው የሰዓቱን ዋጋ ከፍ ስላደረጉት፣ ያልተከፈለው የመሬት ሥራ በተከፈለው ውስጥ ተካክሷል ማለት ይቻል ነበር። ለረጅም በረራ የሚመደብ ሰው አንዴ ሰው አሳፍሮ አሥር ሰዓት ስለሚበር ልማዱ ያን ያህል አይጎዳውም። በቀን አራት ጊዜ የሚያሳፍርና አራት ጊዜ የሚያወርድ ሠራተኛ ላይ ግን ያው ልማድ በጣም ይከብዳል። ርካሽ አየር መንገድ ማለት ደግሞ አጫጭር በረራ፣ ተደጋጋሚ መነሳትና ተደጋጋሚ ማሳፈር ነው። የቀኑ ትልቅ ክፍል የሚውለው ቆጣሪው በማይነካው ሥራ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሠራ ለመረዳት ሂሳቡን ከድርጅቱ ወገን ማየት ያስፈልጋል። ነዳጅ ለማንም አየር መንገድ በዶላር ይሸጣል። ቦይንግና ኤርባስም ትልቅ ገዢ ለሆነ ሁሉ ቅናሽ ያደርጋሉ። ስለዚህ ዝቅተኛ ትኬት የሚወጣው ከሌላ ቦታ ነው፦ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚያጠፋውን ጊዜ ከማሳጠር፣ ከዋናው ከተማ ራቅ ያለ ማረፊያ ከመጠቀም፣ ወንበር ከመጨመር፣ ሻንጣና ምግብ ለየብቻ ከመሸጥ፣ እና ከሰው ጉልበት። የአየርላንዱ ርካሽ አየር መንገድ ራያንኤር የታወቀው አውሮፕላኑን በ25 ደቂቃ አስነስቶ ለመመለስ በሚያወጣው መርሐ ግብር ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ሁለት መቶ የሚጠጉ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ሌሎች ሁለት መቶ ይገባሉ፤ በመካከል ወንበሮቹ ተፈትሸው ቆሻሻው ይለቀማል። የሚለቅመው የጽዳት ቡድን አይደለም፤ አስተናጋጆቹ ናቸው። ያ ጽዳት በሩ ክፍት ሆኖ የሚሠራ ሥራ ነው።

የአስተናጋጆቹን ቁጥር የሚወስነው ደንብ ነው። በአውሮፓ ለ50 ወንበር ቢያንስ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ 189 ወንበር ያለው አውሮፕላን በአራት ሰው ይበራል፤ ስምንት ወንበር ጨምረው 197 ቢያደርሱትም አራቱ አራት ናቸው። አምስተኛ ሰው ስለማይጨመር ሥራው በነባሮቹ ላይ ይከፋፈላል። ደንቡ አስተናጋጆቹን የሚጠይቀው ለቡና አይደለም። አንድ የአውሮፕላን ዓይነት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ከመውጫዎቹ ግማሹ ብቻ ተከፍቶ ሁሉም ተሳፋሪ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። ያንን የሚመሩት እነሱ ናቸው። እሳት ያጠፋሉ፣ የልብ ድካም የያዘውን ይረዳሉ፣ ጠብ ያበርዳሉ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ሊመጣጠን ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ እንደመቆም ነው። አየሩ ደረቅ ነው፤ አካሉም በቀን አራት ጊዜ ግፊት ይቀያየርበታል። ይህን ሁሉ የተማረችን ሠራተኛ ገቢዋን በሳንድዊችና በፋቅ ሎተሪ ኮሚሽን እንድትሞላ ማድረግ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። የአንዲት ሆስተስ ወር መልካም የሚሆነው ተሳፋሪው ሲርበው ከሆነ፣ የደኅንነት ሠራተኛ መሆኗን ረስተነዋል ማለት ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ። የርካሽ አየር መንገዶች ታሪክ በብዛት የሚነገረው በትኬት ዋጋ ነው፤ እኔ ግን ትልቁ ፈጠራቸው ውሉ ላይ ነበር እላለሁ። ራያንኤር ለብዙ ዓመታት አስተናጋጆቹን ከፊሎቹን በቀጥታ፣ ከፊሎቹን ክሩሊንክና ወርክፎርስ ኢንተርናሽናል በተባሉ የሰው ኃይል አቅራቢዎች በኩል ይቀጥር ነበር። የለበሱት ደንብ ልብስ የራያንኤር ነው፣ የሚሠሩበት አውሮፕላን የራያንኤር ነው፤ ደመወዝ ከፋዩ ግን ሌላ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሥልጠናውን ዋጋ ራሳቸው ከፍለዋል ወይም ከደመወዛቸው ተቆርጦባቸዋል። ውሉ የተጻፈው በአየርላንድ ሕግ ነበር፤ ክርክርም ቢነሳ የሚታየው በአየርላንድ ፍርድ ቤት እንደሆነ ይናገራል። ምክንያት ተብሎ የተጠቀሰው አውሮፕላኑ የተመዘገበው አየርላንድ ነው፣ ስለዚህ ሥራው የሚሠራው በአየርላንድ ግዛት ውስጥ ነው የሚል ነበር።

በቤልጅግ ሻርለሯ ማረፊያ የሚሠሩት አስተናጋጆች ይህን አልተቀበሉም። የፖርቱጋል፣ የስፔንና የቤልጅግ ዜጎች ነበሩ። ቀናቸው ከሻርለሯ ይጀምራል፣ ሻርለሯ ያልቃል፤ ውላቸውም ከማረፊያው በአንድ ሰዓት ርቀት ውስጥ እንዲኖሩ ያስገድዳቸው ነበር። አንድን ሰው «ከሥራ ቦታህ አንድ ሰዓት ሳትርቅ ኑር» ብሎ አስገድዶ፣ ሲከስ ደግሞ «የሥራ ቦታህ ሌላ አገር ነው» ማለት አይቻልም፤ ክርክራቸው በአጭሩ ይህ ነበር። በ2011 ከሰሱ፣ ጉዳዩ በሞንስ የሠራተኛ ፍርድ ቤት በኩል እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሄደ፤ በመስከረም 14 ቀን 2017 በኖጌራ ስም የሚታወቀው ፍርድ ተሰጠ። የአውሮፕላን ዜግነት የሠራተኛውን የሥራ ቦታ አይወስንም፤ ሠራተኛው መደበኛ ሥራውን የሚጀምርበትና የሚጨርስበት መነሻ ማረፊያ ዋና ምልክት ሆኖ መታየት አለበት አለ። ድርጅቱ የሚፈልገውን ፍርድ ቤት በውል መምረጡ ሠራተኛውን በሚሠራበት አገር እንዳይከስ አያግደውም።

ይህን ታሪክ ቂርያት ጋት ላይ በፋብሪካ በር ለቆመ ሰው ብትነግሩት ምንም አይደንቀውም። ከተማዋ በ1950ዎቹ ስትቆረቆር መጀመሪያ ያሳደራት የስኳርና የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ነው፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የኢንቴል ግዙፍ የቺፕ ፋብሪካ አለባት። በእስራኤል ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ በአንድ ሕንፃ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ይገኛል፤ አንዱ የድርጅቱ፣ ሌላው የካብላን፣ ማለትም የተቋራጭ። ጽዳቱን፣ ጥበቃውን፣ የምግብ አዳራሹን የሚሠራው አብዛኛው ጊዜ ሁለተኛው ነው። ትሉሹን፣ የደመወዝ ወረቀቱን፣ የሚያወጣለት ሌላ ድርጅት ነው። የሚያዘውና የሚሠራለት አንድ፣ የሚከፍለው ሌላ፤ ችግር ሲመጣ ሁለቱ አንዱ ወደ ሌላው ይልኩታል። ከኢትዮጵያ ከመጡት ብዙዎቹ፣ በተለይ ዕብራይስጥ ያልጠነከረላቸው እናቶችና አባቶች፣ የእስራኤልን የሥራ ዓለም ያወቁት በዚህ በር ገብተው ነው።

ሕጉ ይህን በር ለመጠበቅ ደጋግሞ ሞክሯል። በ1996 የወጣው የሰው ኃይል ተቋራጮች ሕግ ተቋራጩ ፈቃድ እንዲኖረው አደረገ። በ2000 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ለአንድ ድርጅት ዘጠኝ ወር ያለማቋረጥ የሠራ ሰው የዚያ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ እንዲቆጠር ደነገገ፤ አንቀጹ ተደጋግሞ ሲዘገይ ቆይቶ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። ነገር ግን ደንቡ የሚይዘው ሰው የሚያቀርበውን ተቋራጭ ነው፤ «አገልግሎት» እሸጣለሁ የሚለውን የጽዳትና የጥበቃ ድርጅት አይደለም። ስለዚህ ብዙ ሥራ ስሙን ለውጦ ወደ አገልግሎት ዞረ። በ2011 የሥራ ሕጎችን ማስከበር የሚያጠናክረው ሕግ ወጣ፤ በጽዳት፣ በጥበቃና በምግብ አቅርቦት ሥራውን የሚያዘው ድርጅት ራሱ ለሠራተኛው መብት ተጠያቂ እንዲሆን አደረገ። በየካቲት 2012 የሠራተኞች ማኅበሩ ሂስታድሩት ስለ ካብላን ሠራተኞች ብሎ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ቤን ጉርዮንም፣ ባቡሩም፣ ባንኩም የቆሙት ለጽዳት ሠራተኞች ነበር። ይህን አድማ እኔ በታላቅ አክብሮት አስታውሰዋለሁ፤ ጉልበት ያለው ሠራተኛ ጉልበት ለሌለው የቆመበት ጊዜ ነበርና።

ከቂርያት ጋት ወጥታ አየር መንገድ ለምትገባ ልጅ የእናቷ ልምድ ዕውቀት ነው የምለው ለዚህ ነው። እናትየዋ ስለ አውሮፕላን ላታውቅ ትችላለች፤ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ አንድ የኤል አል ጃምቦ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ጭኖ ሲያመጣ ከውስጡ ከነበሩት አንዷ ልትሆንም ትችላለች። ግን ሁለት አሠሪ ያለው ሰው አንድም አሠሪ እንደሌለው ታውቃለች። ለልጇ «ውሉ ላይ የማን ስም ነው ያለው?» ብላ ብትጠይቅ፣ በአውሮፓ ፍርድ ቤቶች ስድስት ዓመት ሲያከራክር ከቆየው ጋር የሚቀራረብ ጥያቄ ጠየቀች ማለት ነው።

የእስራኤል ሕግ ራሱ የአየር ሠራተኛን እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ያሻል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ የወጣው በ1951 ነው። የሥራ ሳምንቱን ጣሪያ የሚያበጀው፣ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ተጨማሪ ሰዓታት 125 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 150 በመቶ እንዲከፈል የሚያዘው፣ የሳምንት ዕረፍትን የሚያስከብረው እሱ ነው። በፋብሪካ የሚሠራ ሰው «ሻኦት ኖሳፎት» (ትርፍ ሰዓት) ብሎ ትሉሹ ላይ የሚፈልገው መብት ከዚህ ሕግ የመጣ ነው። ነገር ግን ሕጉ ራሱ ከማይሠራባቸው ሰዎች መካከል የአውሮፕላን ሠራተኞችን ይጠቅሳል። የባሕረኞችና የፖሊሶች ስም ባለበት አንቀጽ ውስጥ የእነሱም አለ። ስለዚህ አስተናጋጇ 11ኛውን ሰዓት ሠራሁ ብላ በዚያ ሕግ 150 በመቶ መጠየቅ አትችልም። ከድካም የሚጠብቃት የአቪየሽን ደንብ ነው። የአቪየሽን ደንብ ደግሞ የሚያስበው ስለ ደኅንነት ነው፤ ስለ ኪሷ አይናገርም። የአውሮፓው ደንብ ለምሳሌ በ28 ቀን ከ100፣ በአንድ የዘመን ዓመት ከ900 የበረራ ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ የሥራ ላይ ቆይታም በሰባት ቀን ከ60 ሰዓት እንዳያልፍ። ለስንቱ እንደሚከፈል ግን የሚወስነው ውሉ ነው፤ ካለ ደግሞ የኅብረት ስምምነቱ።

የአየር ሠራተኛን ከሕጉ የሚያስወጣው ያ አንቀጽ ቤት ድረስ ይገባል። «እማዬ፣ ቅዳሜ በረራ አለብኝ» የምትል ልጅና ሰንበትን አጥብቃ የምታከብር እናት አንድ ቤት ውስጥ ሲኖሩ፣ በሌላ ሥራ ሕጉ ከልጅቷ ጎን ይቆም ነበር፤ የሳምንት ዕረፍቷን ያስከብርላታል። አየር ላይ ግን ያ ከለላ የላትም። ኤል አል በሰንበት ተሳፋሪ አያበርም፤ ሌሎች ግን ያበራሉ። በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል የሆነው ስግድም ወር ቀድሞ በሚወጣው የሥራ ሰሌዳ ላይ ካልተጠየቀ ማንም አያስበውም። ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ሰሌዳው የሰውን ሰንበት፣ ሠርግ፣ ለቅሶ ሁሉ ይወስናል፤ ለቅሶ ለመድረስ አለመቻል ደግሞ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከለላዎች ግን አሉ። የደመወዝ ጥበቃ ሕግ በ1958 ወጥቶ፣ ከ2009 ጀምሮ አሠሪው በዝርዝር የተጻፈ ትሉሽ እንዲሰጥ አስገድዷል። ፔንሲያ ከ2008 ወዲህ በመላው አገር ግዴታ ሆኗል፤ ዛሬ አሠሪው ለጡረታ 6.5 በመቶ፣ ለስንብት ካሳ 6 በመቶ ያስቀምጣል፣ ሠራተኛው 6 በመቶ። እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአስተናጋጅ ገቢ ከብዙ ቁርጥራጭ የተሰፋ ነው፦ መሠረታዊ ደመወዝ፣ የበረራ ሰዓት፣ ኤሼል ተብሎ የሚሰጥ የምግብ አበል፣ ኮሚሽን። በወጪ መተኪያ ስም የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ፔንሲያ ውስጥ አይገባም። በወር እጇ ላይ የሚደርሰው ደህና መስሎ፣ ጡረታዋና የወሊድ ክፍያዋ የሚሰላው ግን በትንሹ መሠረታዊ ደመወዝ ሊሆን ይችላል። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ኤል አል አብዛኛውን ሠራተኛውን ያለ ደመወዝ ፈቃድ፣ ሃላት፣ አስወጣ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ሥራ አጥ ድጎማው የሚሰላው ትሉሹ ላይ ደመወዝ ተብሎ በተጻፈው ነው።

ይህ ሁሉ የማይለወጥ ነገር አይደለም። ራያንኤር ለ30 ዓመት ያህል ማኅበር አላውቅም ሲል ኖሮ በታኅሣሥ 2017 ለመጀመሪያ ጊዜ እቀበላለሁ አለ። በሐምሌ 2018 የስፔን፣ የፖርቱጋልና የቤልጅግ አስተናጋጆች ለሁለት ቀን ሥራ አቆሙ፣ እስከ 600 በረራ ተሰረዘ። የጠየቁት አንዱ ዋና ነገር የሚኖሩበት አገር ሕግ እንዲሠራላቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች ስምምነቶች ተፈርመዋል። በአሜሪካ ዴልታ በ2022 ለማሳፈር ሰዓት ግማሽ ክፍያ መክፈል ጀመረ። በካናዳ ነሐሴ 2025 ከ10,000 በላይ የኤር ካናዳ አስተናጋጆች ስላልተከፈለው የመሬት ሥራ አድማ መቱ፤ መንግሥት ወደ ሥራ ተመለሱ ብሎ ቢያዝም አልተመለሱም፤ በቀናት ውስጥ ለመሬት ሥራ ክፍያ ያካተተ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ያ የቆየ ልማድ፣ ከኤለን ቸርች ዘመን የመጣው፣ አሁን መነቃነቅ ጀምሯል።

«ትኬቱ እንዲረክስ ደመወዙ ማነስ አለበት» ለሚለው ክርክር መልስ የሚሆነኝ ሳውዝዌስት ነው። በ1971 መብረር የጀመረው ይህ የቴክሳስ ድርጅት የርካሽ አየር መንገዶች ሁሉ አባት ነው፤ አውሮፕላን በፍጥነት አስነስቶ መመለስን ሌሎቹ የተማሩት ከእሱ ነው። ሠራተኞቹ ግን በማኅበር የተደራጁ ናቸው። በሚያዝያ 2024 አስተናጋጆቹ ባጸደቁት ውል ወዲያውኑ ከ22 በመቶ በላይ ጭማሪ አገኙ፣ ከዚያም በየዓመቱ ሦስት በመቶ። ስለዚህ ርካሽ ትኬት ካልተከፈለ ሰዓት ጋር የግድ የተሳሰረ አይደለም። የሚያስተሳስረው የአስተዳደሩ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ ሰው ሲጫነው ይለወጣል።

ለእስራኤል ጉዳዩ ቅርብ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የተደረገው የክፍት ሰማይ ስምምነት በ2013 ሲጸድቅ የኤል አል፣ የአርኪያና የኢስራኤር ሠራተኞች አድማ መትተው ነበር። የፈሩት ይህንኑ ነው፦ የሚፎካከሩት ከትኬት ዋጋ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሌላ አገር ውል ጋር መሆኑን። የውጭ ርካሽ አየር መንገድ ወደ ቤን ጉርዮን ሲበር አስተናጋጆቹ ከሌላ አገር መጥተው በዚያው ቀን ይመለሳሉ፤ ለእኛ ልጆች ሥራ አይከፍትም። መነሻ ማረፊያውን እዚህ ካደረገ ግን ነገሩ ይለወጣል። በ2025 ዊዝ ኤር ቤን ጉርዮን ላይ መነሻ ለመክፈት ከእስራኤል መንግሥት ጋር የጀመረው ንግግር ብዙ ሲወራበት ነበር። እንዲህ ያለ መነሻ ሲከፈት ከማረፊያው በአንድ ሰዓት ርቀት ውስጥ የሚኖር ወጣት ይፈለጋል። ቂርያት ጋት በዚያ ክልል ውስጥ ናት።

እንግዲህ ቃለ መጠይቁ ሲያልፍና ውሉ ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ፣ ልጅቷ ቁጥሩን ከማየቷ በፊት የምትፈልጋቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። የአሠሪው ስም የአየር መንገዱ ነው ወይስ የሌላ? መነሻ ማረፊያ ተብሎ የተጻፈው የት ነው፣ ክርክር ሲነሳስ የየትኛው አገር ሕግና ፍርድ ቤት? ሰዓቱ የሚቆጠረው ከምዝገባ ነው ወይስ ከበሩ መዘጋት? ቤቷ ሆና «ተጠሪ» ስትባል፣ ስልኩ ካልጮኸ ያ ቀን ይከፈላል? ጮኾ ተጠርታ ቤን ጉርዮን ደርሳ በረራው ቢሰረዝስ? የሥልጠናው ወጪ ከደመወዟ ይቆረጣል? ቀድማ ብትለቅ መልሳ ትከፍላለች? ለወር የተረጋገጠ ዝቅተኛ የበረራ ሰዓት አለ ወይስ ክረምቱ ሲቀዘቅዝና በረራው ሲያንስ ገቢዋም አብሮ ይወርዳል? ይህ የመጨረሻው በተለይ የብዙ ጀማሪዎችን ኑሮ ያናጋ ነው፤ በሐምሌ የተከራዩትን ቤት በጥር መክፈል ያቅታቸዋል።

ያልገባትን አንቀጽ ከመፈረሟ በፊት ይዛ የምትሄድበት ቦታ አለ። «ጠበቃ» የቤተ እስራኤልን መብት የሚከራከር የሕግ ድርጅት ነው፤ ካቭ ላኦቬድ የሠራተኞችን ጥያቄ ይመልሳል፤ ሂስታድሩትና ኮኣህ ላኦቭዲም ደግሞ ሠራተኛ ያደራጃሉ። በእስራኤል ከአንድ የሥራ ቦታ ሠራተኞች ሲሶው ወደ አንድ ማኅበር ሲገቡ ማኅበሩ ወካያቸው ሆኖ የኅብረት ስምምነት ሊደራደር ይችላል። አዲስ መነሻ የሚከፍት አየር መንገድ መጀመሪያ የሚቀጥረው ጥቂት መቶ ሰው ቢሆን ነው፤ የዚያ ሲሶ በሁለት ወይም በሦስት የሥልጠና ክፍሎች ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ነው። የሚተዋወቁት ገና መሬት ላይ፣ በመጀመሪያው የሥልጠና ሳምንት ነው፤ ሰሌዳው ከወጣና እያንዳንዳቸው ወደየአውሮፕላኑ ከተበተኑ በኋላ አራት አራት ሆነው ካልሆነ አይገናኙም። ስልክ መለዋወጥና የመጀመሪያውን ትሉሽ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ የሚቻለው በዚያ ሳምንት ውስጥ በተጀመረ ትውውቅ ነው።